የማህተሙ ምስክር

የጎማ ማህተም እቀርጻለሁ። ፊደል ተገልብጦ ማንበብ ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ለዚህም ነው ሰው ሁሉ «አንቺን እንዴት ሸወደሽ?» እያለ የሚያደርቀኝ። ይጠይቃሉ እንጂ መልሱን የሚፈልግ የለም።

የሸወደኝን ሰው እናቴ «ጨዋው» ነበር የምትለው። ስድስት ወር ሙሉ ደጃችንን ሲጠና አንድ ነገር በግልጽ ነግሬዋለሁ፦ ሳንፈራረም ካንተ ጋር አልተኛም። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ሦስቴም «ልክ ነሽ» አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከጋብቻ መዝገብ ቤት የመጣ ነው የተባለ ሰው ቦርሳ አንጠልጥሎ ቤታችን ገባ። መዝገቡን ዘረጋ፣ ፈረምን፣ ማህተሙን እፍ እፍ ብሎ መታበት። እናቴ በደስታ አለቀሰች። እኔ ማህተሙን አላየሁትም። ቀኑን ሙሉ ማህተም ላይ ሳፈጥ ነው የምውለው፤ በሠርጌ ቀን እንኳ ሥራዬን ልርሳው ብዬ ዓይኔን ከወረቀቱ አነሳሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ደጋግሞ ያየው ነበር።

አራት ወር አብሬው ኖርኩ። ከዚያ ለሕክምና ካርድ የጋብቻ ወረቀቱን ኮፒ አምጪ ተባልኩና ሱቅ ይዤው ሄድኩ። በሱቃችን ደንብ ማህተም ያለበት ወረቀት በአጉሊ መነጽር ሳይታይ ኮፒ አይደረግም። አለቃዬ ጎንበስ ብሎ አየው፣ ቀና አለ፣ መነጽሩን ወደ እኔ ገፋው። ክቡ አንድ ጎኑ ወፍሯል፤ የፊደሎቹ ጠርዝ በምላጭ የተፋቀ ነው፤ መሐሉ ላይ የጫማ ሶል ጥርስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጫማ ሶል ነው የተዳርኩት። መዝገብ ቤት ሄጄ ሳስፈትሽ የእኔ ስም የለም። የእሱ አለ፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ከሌላ ሴት ጋር።

ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ «ደፍሮኛል» አልኩ። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«መታሽ?»

«አልመታኝም።»

«አስፈራራሽ? ጮኸሻል?»

«ለምን እጮኻለሁ? ባሌ ነው ብዬ!»

«እንግዲያው ፈቅደሻል፣ እህቴ። ሕጉ የሚለው በኃይል፣ በዛቻ፣ ወይም ራሷን ስታ ሳለ ነው። ማታለል የሚል የለበትም።»

«የፈቀድኩት ለባሌ ነው። ያ ሰው ባሌ አይደለም። አልፈቅድልህም እንዳልኩት አሳምሮ ስለሚያውቅ እኮ ነው ጎማ ሲፈቀፍቅ የከረመው!»

«ወንድ ሁሉ ይዋሻል» ብሎ ሳቀ። «ሀብታም ነኝ ብሎ ያገባውን ሁሉ ልሰር?»

«ሀብቱን ማን ጠየቀው? አንድ ነገር ነው የጠየቅኩት።»

አልሰማኝም። ወረቀቱን አንስቶ እያየ ነበር፣ ፊቱም ተለዋወጠ። «ይሄ ግን ቀልድ አይደለም። የመንግሥት ማህተም!»

ክሱ ተጻፈ፦ በሐሰተኛ ማህተም መገልገል። ተበዳይ፦ የጋብቻ መዝገብ ቤት። እኔ የዓይንም የሙያም ምስክር ተባልኩ። ዐቃቤ ሕጓ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዛ መከረችኝ። «ስለ ጎማው ብቻ ተናገሪ። መዝጋቢ ነኝ ባዩ ጠፍቷል፣ እናትሽም አልመሰክርም ብላለች፤ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላውን ከነካካሽ ጠበቃው ቂመኛ ናት ብሎ ቃልሽን ያስጥለዋል። አምስት ዓመት ይበቃዋል፣ በቃ።» እናቴ በበኩሏ «አፈር ስሆን፣ ስለ መኝታሽ በሰው ፊት አታውሪ» አለችኝ። ሁለቱንም ጠላኋቸው፣ በተለይ እናቴን።

«ከተከሳሹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለዎት?» አሉ ዳኛው፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። ማንም ምስክር የሚጠየቀው ነው፤ ሁሉም «የለኝም» ብሎ ያልፈዋል። ዐቃቤ ሕጓ በዓይኗ ለመነችኝ። ጨዋው ከረባቱን አስተካከለ።

«ዝምድና የለኝም» አልኩ። «ጠብ አለኝ።»

«የምን ጠብ?»

«ባሌ ላልሆነ ሰው አልፈቅድም ብዬው ነበር። ባሌ መስሎ አራት ወር ሙሉ ደፈረኝ።»

ጠበቃው ብድግ አለ። ዳኛው አሁን ቀና አሉ። «ይህ ከክሱ ውጪ ነው። አይመዝገብ።» ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች።

«ስለ ማህተሙ ብቻ ይመልሱ።»

«መጀመሪያ ያልኩት ይጻፍልኝ።»

«አይጻፍም አልኩ።»

«እንግዲያው ለጎማ የምመሰክረው ነገር የለኝም።»

ሁለት ጊዜ አስጠነቀቁኝ፣ ሁለቴም ያንኑ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ ከችሎት አስወጡኝ።

በሳምንቱ ጨዋው በምስክር እጦት ተለቀቀ። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ሲያልፈኝ ፈገግ ብሎ «ጅል» አለኝ። እናቴም እስከ ቤት ድረስ ያንኑ ቃል ስትደጋግምልኝ ሄደች። ይበሉኝ። ያ አምስት ዓመት የጎማው እንጂ የእኔ አልነበረም።