ስም ያልወጣላቸው ልኬቶች

ወንድሜ ሙርሺድ ትቶት በሄደው የኮምፒውተር ሞዴል ውስጥ አንድ መቶ አርባ ሁለት ልኬቶች ነበሩ፤ አንዳቸውም ስም አልነበራቸውም። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚሰጠውን መለያ እንደያዙ ከዲ1 እስከ ዲ142 ተሰልፈው ተቀምጠዋል። የትኛው የሲሊንደሩ ስፋት፣ የትኛው የላሜራው ውፍረት እንደሆነ እሱ በቃሉ ያውቅ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ምህንድስና እማር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ «ስም ስጣቸው» እለው ነበር። «ስማቸው እዚህ አለ» ይልና ግንባሩን በጣቱ ይነካል። ሰኔ ላይ በአጭር ሕመም ሞተ።

ሞዴሉ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ነው። ጅማ መርካቶ ውስጥ ያለው የአቶ ወልደሰማያት ወርክሾፕ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከወንድሜ በኋላ ንድፉን የምይዘው እኔ ሆንኩ። መስከረም ላይ በአጋሮ ዙሪያ ላሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አምስት ማሽኖች ታዘዙ፤ ሲሊንደራቸው ከሠላሳ ወደ አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር እንዲሰፋ ተፈለገ። ስፋቱን ያገኘሁ መስሎኝ አንዱን ቁጥር ቀየርኩ። ግማሹ ሞዴል በስህተት ምልክት ቀላ፤ ዘንጉ አጭር ሆኖ ቀረ፤ ቡናው የሚጨመርበት አፍ ከአካሉ ተነጥሎ አየር ላይ ቆመ።

አቶ ወልደሰማያት ከጀርባዬ ቆመው አዩት።

«ሳሊሀ ልጄ፣ እስከ ዓርብ ካልሆነ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይሳለው። የሙርሺድን ሥራ መናቄ አይደለም። ቡናው እየደረሰ ነው።»

«ይኼኛውስ ምን ይሆናል?»

«የቱ?»

«የሙርሺድ ሞዴል።»

«ምን ያደርግልናል ከዚያ በኋላ?» አሉ በለሆሳስ።

«እሺ» አልኳቸው። ከወንድሜ እጅ የቀረው ሥራ ያ ብቻ እንደነበር አውቃለሁ። እንዳይጣል እንደምፈልግም አውቅ ነበር። ዕውቀቱ ነበረኝ፤ ስሜቱ ግን አልመጣም። ከሰኔ ወዲህ ብዙ ነገር እንዲሁ ነው።

ሰኞን፣ ማክሰኞንና ረቡዕን ስም በማውጣት አሳለፍኩ። አንዱን ልኬት በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ አደርጋለሁ፤ ስክሪኑ ላይ የተንቀሳቀሰውን አያለሁ፤ ወደነበረበት መልሼ ስም እሰጠዋለሁ። ሶፍትዌሩ የግዕዝ ፊደል ስለማይቀበል ስሞቹን በላቲኑ ፊደል በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞ ጻፍኳቸው፤ ውፍረትን ፉርዲና፣ ርዝመትን ዴሪና እያልኩ። ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ አሰርኩ፤ ሲሊንደሩ ሲሰፋ ዘንጉ በዚያው ልክ እንዲረዝም፣ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎችም ዳር ዳር እንዲወጡ። ምሳ እበላ ነበር፤ ምን እንደበላሁ ግን አላስታውስም።

በያጁ ነጋሳ አልፎ አልፎ እየመጣ ያይ ነበር።

«ወንድምሽ ስም አይሆንለትም» አለኝ አንድ ጊዜ። «እኔን ስምንት ዓመት ሙሉ ‹አንተ› እያለ ነው የጠራኝ። ለማሽን ያወጣል ብለሽ ነው?»

ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩና ዘገየሁ፤ እሱ ጨርሶ ነበር።

ረቡዕ ማታ ላይ ዲ87 ብቻ ቀረ። ከወለል እስከ አፉ ጠርዝ ያለው ከፍታ ሲሆን፣ 963 ሚሊ ሜትር ተብሎ በእጅ የገባ ነው። ሲሊንደሩ ሲሰፋ አፉም አብሮ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ደግሞ ከፍ ይላል። ዲ87 ግን አይለቀውም፤ ሞዴሉ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነበር። የተማርኩበት መጽሐፍ አንድ ሺህ አንድ መቶ ይላል። ብሰርዘው ሁሉም ነገር ይቃና ነበር። ግን ሙርሺድ በከንቱ ቁጥር የሚያስገባ ሰው አልነበረም።

«963 ምንድን ነው?» ብዬ ነጋሳን ጠየቅኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? የአጋሮውን ማሽን ጨርሰን ልንጭነው ስንል እግሩን ቁረጥ አለኝ፤ ቆረጥኩ። ለምን ብለው ‹አንተ ቁረጥ› አለኝ።»

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ አጋሮ ሄድኩ። ሙርሺድ የነደፈው የመጀመሪያው ማሽን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ የሚሠሩበት ሴት አዴ ረሺዳ ይባላሉ። አምሳን ያለፉ፣ አጭር፣ ጠንካራ ሴት ናቸው። የማን እህት እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው ቆዩ።

«አላህ ይዘንለት። አንቺ ደግሞ ከስተሻል።»

ሜትሬን አውጥቼ ከወለል እስከ አፉ ለካሁ። ዘጠና ስድስት ሴንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር። እሳቸው ማሽኑ አጠገብ መጥተው ቆሙና ክንዳቸውን አጠፉ። ክርናቸው ጠርዙ ላይ ልክ አረፈ።

«ጪቂሌ» አሉ ክርናቸውን እየመቱ። «የድሮው ማሽን ረጅም ነበር። ድንጋይ ላይ ቆሜ ነበር የምጨምረው፤ አንድ ቀን ድንጋዩ ተንሸራተተና እጄ ማሽኑ ውስጥ ሊገባ ሲል ለጥቂት ተረፈ። ወንድምሽ ይኼን ሰምቶ ሜትር ይዞ መጣ። ‹አንተ ልጅ፣ ቀሚስ ልትሰፋልኝ ነው እንዴ?› አልኩት። አፈረ።»

«አልነገረንም» አልኳቸው።

«ለምን ይነግራል? ክርኑ የኔ ነው።»

አሁን ምክንያቱን አወቅኩ። 963ን እንዳለ ትቼ አምስቱንም በእሱ ማሠራት እችል ነበር፤ ወንድሜ በእጁ ያስገባው ቁጥር በአምስት ጣቢያዎች ይቆም ነበር። ይህን ሳላውቀው ድምፄን አውጥቼ የተናገርኩት ይመስለኛል፤ አዴ ረሺዳ እሸት ቡና ተሸክሞ ወደሚመጣ ረጅም ሰው አገጫቸውን አነሱ።

«ያ ጣሪቅ ነው። አዲሱ ማሽን ለእሱ ነው። በኔ ክንድ ከሠራሽለት እስከ ጥር ጎብጦ ይቀራል፤ ማን ያገባዋል?»

«አሁንስ ማን አገባኝ?» አለ ጣሪቅ ጆንያውን እያወረደ።

ለካሁት። ክርኑ ከወለል አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሚሊ ሜትር ሆነ።

ዓርብ ጠዋት ዲ87ን ጪቂሌ ብዬ ሰየምኩት፤ የማሽኑ እግር ቁመትም ከእሱ እየተቀነሰ እንዲወጣ አሰርኩት። 963ን አጥፍቼ 1120 ጻፍኩ። ሲሊንደሩን አርባ አምስት አደረግኩ። ሞዴሉ ጥቂት ሰከንዶች አሰበና ተስተካክሎ ቆመ፤ ቀይ ነገር አልነበረበትም። ወንድሜ የጻፈው ቁጥር ሰንጠረዡ ውስጥ የትም አልነበረም። አንድ ነገር ይሰማኝ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅኩ።

«ሠራ?» አሉ አቶ ወልደሰማያት።

«ሠራ። በዚሁ መቀጠል እንችላለን።»

«በሙርሺድ?»

«አዎን፤ በእሱ።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ነጋሳ ሄዱ። እኔ የሁለተኛው ጣቢያ ስልክ ላይ ደወልኩ። ያነሳችው ፈድሊያ የምትባል ወጣት ናት፤ ማሽኑን የምትይዘው እሷ ነች። ቀጥ ብላ ቆማ ክንዷን እንድታጥፍና ከወለል እስከ ክርኗ ሰው እንዲለካላት ነገርኳት።

«ጫማ አድርጌ ነው ሳላደርግ?» አለችኝ።

አላሰብኩበትም ነበር። አዴ ረሺዳ ሙርሺድ በለካቸው ቀን በባዶ እግራቸው ይሁኑ በጫማ እሳቸውን መጠየቅ ይቻላል፤ እሱ አስቦበት ይሁን አይሁን ግን የምጠይቀው ሰው የለም።

«ስትሠሪ የምታደርጊውን አድርጊ» አልኳት።

«ቦቲዬ ውጪ ነው፤ ቆይ ላምጣው» ብላ ስልኩን አስቀመጠችው። እርሳሴን ይዤ ጠበቅኩ።