የማይንገዳገደው

ወንድሜ ምንይሉ ከባሕር ዳር ደውሎ ያለኝ አንድ ነገር ነው። «እታለም፣ የማይንገዳገደውን ላኪልኝ።» ከዛ ጣና ላይ ወጣ፤ የስልኩም ኔትወርክ ጠፋ።

እኔ ስለ ጀልባ ምን አውቃለሁ? መርካቶ ድስት ነው የምሸጠው። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ እግሬ አብጧል። ሱቁን ለጎረቤቴ ለጠሂራ ትቼ ጎጃም በረንዳ፣ ጀልባ የሚሸጠው ኸይረዲን መጋዘን ሄድኩ። አይሱዙው በሩ ላይ ቆሟል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ዳር ይወጣል።

ሁለት ጀልባ አለ። ሁለቱም ፋይበር፣ ሁለቱም ባለ ሞተር። የአንዱ ሆድ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው። የሌላው ወደ ታች ሹል።

ድስት እንደምፈትነው ፈተንኳቸው። ሲሚንቶው ላይ እንዳሉ ጠርዛቸውን ጫን አደረግኩ። ጠፍጣፋው ንቅንቅ አላለም። ሹሉ ዘመም ብሎ በጎኑ ተኛ።

«ጠፍጣፋው ይጫን።»

ኸይረዲን ሳቀ። «እትዬ ሐመልማል፣ ወጥ ሊሠሩበት ነው እንዴ?»

«ሥራ አለብኝ ኸይረዲን።»

«ሲሚንቶ ላይ ነው እኮ የሞከሩት። ውሃው ሲረጋ ይሄ ጥሩ ነው። ቤንዚን አይበላም፣ ዳር ድረስ ይገባል። ማዕበል ሲነሳ ግን ሆዱን በጥፊ በጥፊ ነው የሚለው። ሹሉ ማዕበሉን ይሰነጥቀዋል። ወንድምዎ ምን ይጭናል?»

«ሰው። ገዳም የሚሳለሙ።»

«ስንት ሰዓት ይመልሳቸዋል?»

አላውቅም። ደወልኩ። አይሠራም። ኩሊዎቹ ጠፍጣፋውን መጫን ጀመሩ። ጠሂራ ደወለች፦ «አንዲት ገዢ ሴትዮ የድስቱ ክዳን የታለ ትላለች።» ዘጋሁባት። አምስተኛው ጥሪ ላይ ምንይሉ አነሳ።

«ሰዎቹን ስንት ሰዓት ነው የምትመልሳቸው?»

«ዘጠኝ፣ አስር ሰዓት።»

«ንፋሱስ?»

«እሱማ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል። ባለፈው ሳምንት ልንገለበጥ ነበር እኮ። አሮጊቶቹ ጮኹ። ለዛ ነው የማይንገዳገደውን ያልኩሽ።»

ዞር አልኩ። ጠፍጣፋው መኪናው ላይ ወጥቷል።

«አውርዱት!»

ኩሊዎቹ ተሳደቡ። ይሳደቡ።

«ምንይሉ፣ ሹሉን ነው የምልክልህ። ዳር ድረስ አይገባም፤ ሰዎቹ ውሃ ረግጠው ይወርዳሉ።»

«ይርጠቡ፣ ምን ይሆናሉ።»

ሹሉ መኪናው ላይ ወጥቶም በጎኑ ተኛ። ሹፌሩ ጮኸ፦ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ይንገዳገዳል!»

«የሚንገዳገደው እዚህ ነው» አልኩት። ከግራ ከቀኝ አሮጌ ጎማ አስደገፍኩት።

ሱቅ ስመለስ ሴትዮዋ አልሄደችም። ድስቱን መሬት አስቀምጣ ጠርዙን ትጫናለች። ክዳኑን ፈልጌ ሰጠኋት። ትጫን፤ ድስት ነው።