ሦስት ጊዜ «መልሺው»

አባቴ አንድ ቃል አለው፤ «መልሺው»። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ አለኝ፣ ሦስቴም ደሜ ፈላ።

እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የቆዳ ሥራውን ለእኔ ትቶልኛል። በራሴ ስም የተቀበልኩት የመጀመሪያ ሥራ አንድ ትልቅ የትከሻ ቦርሳ ነበር። ቆዳውን ያመጣው ደንበኛው ራሱ ነው፤ ወፍራም፣ ምትክ የሌለው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። እስከ ቅዳሜ ካልቆረጥኩት ወደ ሌላ ሠሪ እንደሚወስደው ነግሮኛል። ይባስ ብሎ የአባቴ ክብ ቢላ፣ ያቺ ስለቷ ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው፣ በመሳል ብዛት ሳስታ ሰኞ ዕለት እጄ ላይ ተሰበረች።

ማክሰኞ አዲስ ገዛሁ። የክንዴን ፀጉር ላጨልኝ፤ ቁርጥራጭ ቆዳ ላይ ስሞክረውም ሳይነክስ ሄደ። አባቴ ግን ስለቱን ዞር ብሎም አላየው። ያዢው አለኝ፣ ያዝኩት። ጭብጤን በመዳፉ ሸፍኖ ትንሽ ጫን ሲያደርገው ቢላው እጄ ውስጥ ዞረ፤ «መልሺው» አለ። ለምን ብለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ከአባቴ ጋር አልኖረም።

ብረቱ አልጣመውም ብዬ ረቡዕ ባለሱቁን የተሻለ ብረት ጠየቅኩት። ለውጦ ሰጠኝ። መልሺው። ሐሙስ ከሁሉም የበለጠውን፣ ከባዱን፣ ባለጥቁር እንጨት እጀታውን አመጣሁ፤ እሱንማ በቅጡ ሳልጨብጠው ነው ያስመለሰኝ። ባለሱቁ ደንበኛ በሞላበት፣ ቢላ ነው ወይስ ባል የምትመርጪው ብሎ ሳቀብኝ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ተናደድኩ።

ዓርብ ያንኑ የማክሰኞውን ቢላ ከሱቁ መልሼ ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጌው፣ ወደድክም ጠላህም በዚህ ነው የምቆርጠው አልኩት። 

አባቴ ስለቱን በጨርቅ ጠቀለለና ሞረድ አውጥቶ እጀታውን መሞረድ ጀመረ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀ። መሃል ላይ እያስያዘኝ ጭብጤን ይጫናል፣ ደግሞ ይሞርዳል። በመጨረሻ ጣቶቼ እጀታውን ዞረው መዳፌን ነኩ፤ ቢላው እጄ ውስጥ መዞሩን ተወ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የተሻለ ብረት በጠየቅኩ ቁጥር የባሰ ወፍራም እጀታ ነበር ያመጣሁለት።

«ብረቱንማ ማክሰኞ ወድጄዋለሁ» አለ። «እጅሽ ነው ያልያዘው። ሱቁ ቀጭን እጀታ ያለው አያጣም ብዬ ነው።»

እልሁ እንባ አመጣብኝ። «አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ አባዬ?»

ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የአውራ ጣቱ ጫፍ የለም። በምን እንዳጣው ስንት ጊዜ ጠይቄው መልሶልኝ አያውቅም።

«ቢላው እጄ ውስጥ ሲዞር ለእኔም የነገረኝ አልነበረም» አለ።