ስልሳ ሰከንድ ሰላምታ

እትዬ መዝገብ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ምድር ቤት ባለችው መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የልጆች ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ የኖሩ ሴት ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው የራሳቸው ፋይል ብቻ ነው። እሳቸው ግን የሰዉን ሁሉ ያውቃሉ፤ የማን ልጅ መቼ እንደተመዘገበ፣ የማን ፎቶግራፍ ከማን ፋይል ላይ በስሕተት እንደተለጠፈ፣ በቃላቸው ነው። ሰዉ ደግሞ እሳቸውን አያውቃቸውም። የምድር ቤቷ መስኮት የምታሳየው ከጉልበት በታች ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ወላጆችን በጫማቸው እየለዩ ነው የኖሩት።

በዚህ ዓመት ግን ድምፃቸው ተፈለገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል ጽሕፈት ቤቱ ለቤተሰቦች የሚነግረው አያጣም፤ ትምህርት የሚጀመርበት ቀን፣ የአውቶቡሱ መስመር፣ አዲስ ገቢዎች ይዘው የሚመጡት የክትባት ካርድ። እስካሁን ይህ ሁሉ በጽሑፍ መልእክት ነበር የሚላከው። ማን ያንብበው! ግማሹ ማስታወቂያ መስሎት ያጠፋዋል፣ ግማሹ መነጽሩን እስኪያገኝ ይረሳዋል። አምና በመጀመሪያው ቀን ከልጆቹ ሲሶው አልጋው ላይ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ኃላፊ በየቤቱ እየደወለ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አስመጣ። አንዴ የተናገሩትን ለሦስት ሺህ ቤት ያደርሳል። አንድ ክፉ አመል አለበት፤ ስልሳ ሰከንድ ሲሞላ ቢለምኑትም አይሰማም፣ ቆርጦ ይዘጋል።

መጀመሪያ ኃላፊው በራሱ ድምፅ ሞከረው። ሙከራው የደረሳቸው አንድ አባት ፍርድ ቤት የተጠሩ መስሏቸው ጠበቃ ይዘው መጡ። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንደ ሰው የሚናገርበት ድምፅ ተሞከረ፤ እሱ ደግሞ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚያወራ ጉንፋናም ይመስላል። በዚህ ጊዜ የኮምፒዩተር ባለሙያዋ፣

"ለምን እትዬ መዝገብ አይናገሩትም? ፋይሉ የጠፋበት ሰው እንኳ እሳቸው በስልክ ሲያናግሩት መጥፋቱን ረስቶ፣ አመስግኖ ነው የሚዘጋው" አለች።

ኃላፊው ምድር ቤት ወርዶ ወረቀቱን ሰጣቸው። "እትዬ፣ ይህን ሐሙስ ይቀዱልኛል። ከሰመረ ዓመቱን ሙሉ የጽሕፈት ቤቱ ድምፅ እርስዎ ነዎት። ካልሰመረ ያው ኮምፒዩተሩን እናስለፈልፈዋለን።"

"እሺ ልጄ" አሉና ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ወደ መደርደሪያው ዞር ሲሉ ግን ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ስም ሲያነቡ ኖረው፣ ከአንዳንድ ደዋይ በቀር የሚሰማቸው ጆሮ አግኝተው አያውቁም። ፈለጉት። እንደ ልጅ ፈለጉት።

ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር፣ ድንች ሲልጡ ደረሱባቸው። ቁጭ ብለህ ስማኝ፣ ሰዓትም ያዝልኝ ተባሉ።

"ለወረዳችን ወላጆች በሙሉ፤ ትምህርት የሚከፈተው…" ብለው ሲጀምሩ ሾፌሩ ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ምነው፣ ተጣልተሻል እንዴ?"

"ከማን ጋር?"

"ከወላጆቹ ጋር ነዋ! እንደምን አደራችሁ የለ፣ እንደምን ዋላችሁ የለ፣ ዘሎ ወሬ! እኔ መሀል መንገድ ጎማ ፈንድቶብኝ እንኳ፣ ሰላም ሳልል ክሪክ ለምኜ አላውቅም።"

"ወረቀቱ ላይ የለማ።"

"ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ነው። አንቺም ልጅ ነሽ?"

እትዬ መዝገብ አሰቡበት። እውነት ነው። የሦስት ሺህ ሰው ደጃፍ ገፍቶ፣ ሰላም ሳይሉ መግባት! ሰዉ "ይቺን ደግሞ ማን አሳደጋት?" ቢል ምን ይመልሳሉ? ስለዚህ ጥቂት ጨመሩበት።

"እንደምን ከረማችሁ?"

"ተመስገን፤ አንቺስ እንዴት ከረምሽ?" አሉ ሾፌሩ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሾፌሩ ሲመልሱላቸው፣ ጥያቄ መልስ እንዳለው ትዝ አላቸው። ጠይቆ መልሱን ሳይሰሙ ማለፍ ደግሞ ጭራሽ ካለመጠየቅ ይብሳል። እናም ከየጥያቄው ኋላ ሰው ተመስገን የሚልበት ጊዜ መተው ጀመሩ። "ልጆቹስ ደህና ናቸው?" ዝም። "ያ ጉንፋን ለቀቃቸው?" ዝም። "ጎረቤት ሰላም ነው?" ዝም። ሾፌሩ ድንቹንም ሰዓቱንም ረስተው ሁሉንም ሲመልሱ ቆዩና፣ "ይኼ ነው ንግግር!" አሉ። ስንት ሰከንድ እንደፈጀ የጠየቀ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የጠመኔ ካርቶን በተደረደረበት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ባለሙያዋ ማይክሮፎኑን አቀረበችላቸው። "ይቺ ቀይ መብራት ስትበራ ይጀምሩ፤ ስትጠፋ አልቋል ማለት ነው" አለቻቸው። ቁልፉን ከመጫኗ ኃላፊው ከላይ ተጣራና ሮጣ ወጣች።

መብራቷ በራች። እትዬ መዝገብ ደግሞ ልባቸው ሲመታ ዐይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ጨፈኑ። ጨፍነው፣ እግሩን ብቻ ያዩት የነበረውን ሰው ሁሉ ከነፊቱ አዩት። ሰላም አሉት፤ ጤናውን ጠየቁት፤ ልጆቹን፣ ጉንፋኑን፣ ጎረቤቱን ጠየቁት፤ እስኪመልስላቸውም ታገሡት። ከዚያ፣ "በሉ እንግዲህ የመጣሁበትን ልንገራችሁ። ትምህርት የሚከፈተው…" ብለው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አውቶቡሱን፣ ክትባቱን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ዐይናቸውን ሲገልጡ መብራቷ ጠፍታለች።

"አይ መታደል! ልክ ስጨርስ ጠፋች" አሉ ለጠመኔው።

ባለሙያዋ ተመልሳ ስክሪኑን አየች። "ስልሳ! አንድ እንኳ አልጎደለም!" ብላ አቀፈቻቸው። ልትሰማው እጇን ስትዘረጋ ኃላፊው ከደረጃው ራስ፣ "ተላከ ወይ?" ብሎ ጮኸ። ላከችው።

እትዬ መዝገብ ቤታቸው ደርሰው ጫማቸውን ሳያወልቁ ልጃቸው ደወለች። ሁለተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ አላት።

"እማዬ፣ ምነው ዘጋሽብኝ?"

"እኔ መቼ ደወልኩልሽና?"

"አሁን ነዋ! እንደምን ከረማችሁ ስትዪኝ፣ እማዬ አኩርፋለች እንዴ እናንተ የምትለኝ ብዬ ደነገጥኩ። ጉንፋኑ ለቆታል አልኩሽ። ጎረቤትም ሰላም ነው አልኩሽ። ከዚያ 'ትምህርት የሚከፈተው' አልሽና ድርግም! መቼ ነው የሚከፈተው?"

እትዬ መዝገብ ቁጭ አሉ። ሾፌሩ ከጓዳ ብቅ ብለው ነገሩን ሰሙ።

"ሰላምታው ግን ደርሷል?"

"ሰላምታውማ ደርሷል!" አሉ እትዬ መዝገብ።

"እንግዲያው ግማሹ መንገድ ተሄዷል" አሉ ሾፌሩ። ሊያጽናኑ ነበር። አላጽናኑም።

ዓርብ ጠዋት ከቢሮው ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ሰው ተሰልፏል። እትዬ መዝገብ በጓሮ በር ሹልክ ሊሉ ሲሞክሩ የአንዲት ሴት እግር ረገጡና "ይቅርታ የኔ እመቤት" አሉ።

"እሳቸው ናቸው! ድምፃቸው ነው!" አለች ሴትዮዋ። ተከበቡ።

"ምን አጠፋሁ እኔ?" አለ አንድ ጫማ ሰፊ። "ደህና ነን ብዬ፣ ገና ስለ ልጄ ጥርስ ልነግርዎ ስል ዘጉብኝ!"

"እኔስ ጉልበቴን ነግሬዎ፣ ምን ልቀባው ብዬ ጠይቄ፣ ዝም!" አሉ አንዲት አሮጊት።

"እኔ ልናገር" አለ አንድ ግንበኛ። "ከባለቤቴ ጋር ሦስት ቀን ተኳርፈን ነበር። ጎረቤት ሰላም ነው ሲሉን፣ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠን ባንድ አፍ ተመስገን አልን። ሳቅ አመለጠን፣ ታረቅን። እሱስ እሺ፤ ልጁን መቼ ነው የምንልከው?"

"ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት" አሉ እትዬ መዝገብ፤ ለሁሉም እየዞሩ፣ "ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት።" ግን እዚህ ያለው ሃምሳ ሰው ነው፤ ሦስት ሺህ ቤት በየት ይደረስ?

ኃላፊው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወረደ። "እትዬ! ጎረቤት ሰላም ነው? የማን ጎረቤት?"

"የሁሉም ነዋ ልጄ።"

"ዛሬ ዓርብ ነው! ሰኞ ባዶ ክፍል ልናስተምር ነው? በቃ፣ ኮምፒዩተሩ ይናገር።"

እትዬ መዝገብ እጃቸውን አጣምረው ከባለሙያዋ ወንበር ጀርባ ቆሙ። ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ ለሁለት መቶ ቤት ደወለ። ማን እስከ መጨረሻው እንዳዳመጠ፣ ማን መሀል ላይ እንደዘጋ ስክሪኑ ያሳያል። ማሰሮው ገና "ለወረዳው…" ከማለቱ መቶ ሰማንያው ዘጋ። የቀሩት ሃያዎቹም ያልዘጉት፣ ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ተነክቶ ተነሥቶ ሳይሆን አይቀርም።

"የትናንቱንስ ስንት ሰው ዘጋው?" አለ ኃላፊው።

"የትናንቱን የዘጋ የለም" አለች ባለሙያዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የዘጋው መሣሪያው ነው።"

ኃላፊው ግንባሩን ያዘ። ቆይቶ ወደ እትዬ መዝገብ ዞረ። "እሺ፣ እርስዎ ይቅዱት። ግን ያለ ሰላምታ። እለምንዎታለሁ። አንዲት 'እንደምን' እንኳ ብትገባ አለቅን።"

ባለሙያዋ እምቢ ይላሉ ብላ ፈራች። እትዬ መዝገብ ግን ግራ ገብቷቸው አዩት።

"ምን ሰላምታ ያስፈልጋል ልጄ? ጨዋታ ተቋርጦበት የወጣ ሰው ተመልሶ ሲገባ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ትናንት ሰላም ብያቸው የለ!"

ዕቃ ቤት ወረዱ። ዛሬ ዐይናቸውን አልጨፈኑም፤ ኃላፊው ሰዓቱን ይዞ ፊታቸው ቆሟል።

"ትናንት ስልኩ ተቋረጠብን፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ትምህርት የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። የገበያው አውቶቡስ ከዘንድሮ ጀምሮ በጤና ጣቢያው በኩል ነው የሚያልፈው፤ እዚያ ጠብቁት። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ያላችሁ የክትባት ካርዱን ያዙ፤ ሻይ እንዳታፈሱበት። ጉልበታቸውን ያመማቸው እናቴ ደግሞ ጤና ጣቢያ ይታዩ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም።"

ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። መብራቷ ገና እንደበራች ናት። እትዬ መዝገብ ትርፉን ሃያ ሁለት ሰከንድ ምን እንደሚያደርጉት ጨነቃቸውና ማይክሮፎኑን ወደ ኃላፊው ገፋ አደረጉት። ኃላፊው እጁን አወራጨ፣ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ፣ "እ… ኃላፊው ነኝ። ጠበቃ አያስፈልግም። ልጆቹን ብቻ ይዛችሁ ኑ" አለና ላቡን ጠረገ።

ሰኞ ከሁለት ሰዓት በፊት የትምህርት ቤቶቹ ግቢ ጢም አለ። ከየርእሰ መምህሩ የመጣውን ቁጥር ኃላፊው ሁለት ጊዜ አስደመረ፤ የቀሩት ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ከቀትር በኋላ ምድር ቤት ወርዶ፣ የተፈረመና ማኅተም ያለበት ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አኖረ። "የጽሕፈት ቤቱ ድምፅ ዓመቱን በሙሉ እትዬ መዝገብ እንዲሆኑ ተወስኗል። ጥሪው ለሁለት ይከፈላል፤ ሐሙስ ሰላምታ፣ ዓርብ መልእክት" ይላል።

እትዬ መዝገብ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ፈገግታቸውን ለመደበቅ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ያዙ። ከዚያ ወረቀቱን አገላብጠው ጀርባውንም አዩ።

"ጥሩ ነው ልጄ፤ እድግ በል። ግን ስንብቱን የት አስገባኸው?"

"የምን ስንብት እትዬ?"

"ሰው ወሬውን ዘርግፎ፣ ደህና ሁኑ ሳይል ብድግ ብሎ ይወጣል እንዴ?"

ኃላፊው አያቸው። መደርደሪያውን አየ፤ ጣሪያውን አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና ከፊርማው በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ፊደሉን አሳንሶ፣ "ቅዳሜ ስንብት" ብሎ ጨመረበት።