አንድ ልበል ወይስ ሁለት

ስልኩ የጮኸው ጠጋኙ አሳንሰር በሊፍቱ ሳጥን ጣሪያ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ አንድ እጁን እስከ ክርኑ ግሪስ ውስጥ ነክሮ፣ በጥርሱ የእጅ ባትሪ ነክሶ ሳለ ነበር። በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል፣ ጨለማው ውስጥ። ባትሪውን ከአፉ አውጥቶ ስልኩን በንጹሑ እጁ ከኪሱ ፈልቅቆ አወጣ።

“አንድ ልበለው ወይስ ሁለት?” አለች ሚስቱ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልክ የለ።

“ሥራ ላይ ነኝ እኮ።”

“እኔስ ምን ላይ ነኝ? ሦስት ኬክ ምድጃ ውስጥ ትቼ ነው የደወልኩልህ። ሰውየው ዛሬ ቲኬት ይቆርጣል። ስንት ልቁረጥ ብሎ ጽፎልኛል።”

“ማታ እንነጋገራለና።”

“ትናንትም ማታ ነበር” አለችና ዘጋችው።

አሳንሰር እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሊፍት ሲጠግን ስንት ዘመኑ! የየሕንፃው ዘበኛና የጽዳት ሠራተኛ “አሳንሰር መጣ፣ አሳንሰር ሄደ” ሲሉ ሲሉ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። እሱም አይከፋውም። እንዲያውም የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በእውነተኛ ስሙ ስትጠራው ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰለው ወደ ኋላው ይዞራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ኬክ ጋጋሪ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ልደትና ለሰው ሠርግ ስትጋግር ኖራ፣ ኬኩን እንጂ እሷን የሚያውቅ ደንበኛ አልነበራትም። ታዲያ በቅርቡ የድሮ አለቃዋ በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ሆቴል ከፈተና “የኬኩን ክፍል አንቺ ምሪልኝ፤ ባልሽንም ይዘሽ ነይ” ብሎ ጠራት። የሁለቱም የጉዞ ወረቀት ተጠናቋል። ከሆቴሉ ጀርባ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከመጪው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ክፍት ነው። እሷ ግን ቃል የገባችባቸው ሠርጎች ስላሉ ከወሩ አጋማሽ በፊት መነሳት አትችልም። ሰውየው የቤቱን ፎቶ ልኮላታል፦ በረንዳ፣ ሁለት የሸንበቆ ወንበር፣ ከፊት ለፊት ውሃ፣ ከውሃው ኋላ ደግሞ ሌላ ውሃ።

ሚስቱ ፎቶውን እያየች “እኔን ብሎ የጠራኝ ሰው አለ ማለት ነው?” ስትል አሳንሰር ደስ አላለውም ማለት ግፍ ነው። ደስ ብሎታል። ግን ፎቶውን አገላብጦ አገላብጦ ሲያይ አንድ ነገር አጣ። ሕንፃ የለም። ቤቱ ሁሉ መሬት ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከፍ ያለ ነገር ቢኖር ዘንባባ ነው፣ ዘንባባ ላይ ደግሞ የሚወጣው በእግር ነው። “እዚያ ሄጄ ምን ልባል ነው? የኬክ ጋጋሪዋ ባል?” ሲል አሰበ። ይህን ለማንም አልተነፈሰም። ሌላም ያልተነፈሰው ነገር አለ፤ ውሃ ይፈራል። ሃያኛ ፎቅ ላይ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አንጠልጥሎ ምሳውን የሚበላ ሰው፣ ፊቱን ሲታጠብ እንኳ አንድ ዓይኑን አይጨፍንም። አውሮፕላንም ገብቶ አያውቅም።

ስለዚህ ትናንት ማታ ብልሃት የመሰለውን ነገር ተናገረ። “አንቺ ሂጂና እዪው። ቤቱም ሥራውም ደህና ከሆነ እኔ እከተልሻለሁ።”

ሚስቱ “እሺ” አለች።

እሺ ብዙ ዓይነት ነው። ተስማምቻለሁ የሚል እሺ አለ፤ ተወኝ የሚል እሺ አለ፤ ቆይ አገኝሃለሁ የሚል እሺም አለ። የትናንቱ ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ውስጡ ምንም የሌለበት እሺ ነበር፤ አሳንሰርን እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

“ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እዚያው ልታድር ነው እንዴ?” የሚል ድምፅ ከታች መጣ። የሥራ ባልደረባው ቀጮ ነው፤ ስሙን ያገኘው ድሮ ነው እንጂ ዛሬ ሊፍት ሲገባ ሳጥኑ ይሰማዋል።

“መፍቻውን አቀብለኝ። ትልቁን።”

“ማን ነው የደወለው?”

“ሚስቴ ናት።”

“አሁንም አልወሰንክም?” ቀጮ መፍቻውን ከላይ በወረደለት ገመድ አስሮ ላከለት። “ወይ ጉድ! የኔዋ ገበያ እንኳ ይዛኝ አትሄድም፤ ያንተዋ ባሕር አሻግራ ትወስድሃለች፣ አንተ ታቅማማለህ።”

“አንተ ትሄድ ነበር?”

“በሸራ ጫማዬ፣ አሁኑኑ!”

“እዚያ ሊፍት የለም እኮ።”

“እሰይ! ማን ይሙት፣ እኔ ሊፍት የሌለበት አገር ነው ስፈልግ የኖርኩት።”

አሳንሰር ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሳጥኑን በሐዲዱ ላይ የሚመሩት ጎማዎች ተበልተው ነበር፤ አራቱንም ቀየራቸው፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ገመዱን እያበራ ከላይ እስከ ታች መረመረው። ሲጨርስ የሞተር ክፍሉን ሊያይ በደረጃ ወደ ላይ ወጣ። ዘጠነኛ ፎቅ ሲደርስ አንዲት እማማ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ለብሰው፣ ተጫምተው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ደረጃ አይወርድም፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ጀምሮ ከቤት አልወጡም።

“አለቀልህ?” አሉት።

“አልቋል እማማ። አንድ አፍታ።”

የሞተር ክፍሉን አይቶ ወረደ፤ ሳጥኑን ወደ ዘጠነኛ ጠራው። በሩ ሲከፈት እማማ ከሱ ቀድመው ብድግ አሉ።

“ይቆዩ!” ብሎ በክንዱ መንገዱን ዘጋባቸው።

“ምን ሆነህ ነው? አልቋል አላልክም?”

“አልቋል። ግን እኔ ገና አልገባሁበትም።”

“ታዲያ አብረን እንግባ።”

“አይሆንም። መጀመሪያ ብቻዬን ነው የምገባው። ሦስት ጊዜ ወርጄ እወጣለሁ፤ ከዚያ እርስዎ ይገባሉ።”

“አንተ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ዛሬ ነው እኮ የምትመረቀው! ስንት ቀን ሙሉ እዚህ ተሰቅዬ፣ ዛሬ ለብሼ ብቀርብ ደግሞ አንተ ፈተና ታበዛብኛለህ?”

“ይቆጡኝ፣ ችግር የለም። እኔ ያልገባሁበትን ሊፍት ሰው አላስገባም። ጉድ ካለው ጉዱ በኔ ይድረስ።”

“ግትር!”

“ይሁን።”

ይህን ሕግ ያወጣበት ማንም የለም። መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው የአሸዋ ከረጢት ጭኖ መሞከር ብቻ ነው፤ ያንንም ሲያዙት ያደርጋል። ግን አሸዋ አይፈራም፤ የማይፈራ ነገር ደግሞ ስለ ሊፍት ምን ሊነግረኝ ይችላል ባይ ነው። ብቻውን ገባ። መብራቱ በርቶ በሩ ሲዘጋ እንደ ልማዱ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ በእግሩ ወለሉን እያዳመጠ ወረደ። ወጣ። እንደገና ወረደ። በሦስተኛው ምንም የሚያንገራግር ነገር አልነበረም።

“አሁን ይግቡ እማማ።”

እማማ ገብተው ክንዱን ጨበጡ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ጭብጣቸው ላላ። “ሚስት አለችህ?” አሉት።

“አለችኝ።”

“ታድላለች። አደጋ ካለ ቀድሞ የሚገባላት ባል አላት።”

አሳንሰር ፈገግ አለ። ታች ሲደርሱ ደጅ እስከሚጠብቃቸው መኪና ድረስ ደገፋቸው።

ወደ ቤቱ ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠ። የከተማውን ሕንፃዎች እሱ በውበታቸው አይደለም የሚያውቃቸው፤ በአመላቸው ነው። ባንኩ ያለበት ሰኞ ሰኞ ያኮርፋል፣ ሆስፒታሉ ጨዋ ነው፣ አዲሱ የመስታወት ሕንፃ ደግሞ በሰባተኛው ፎቅ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ይነጥራል። እነዚህን ሁሉ ትቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ሊያስረዳ አይችልም። ሚስቱን ሸኝቶ ባዶ ቤት ሲገባ ራሱን አሰበ፤ ይኼኛው ደግሞ ባሰበት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ወጥ ቤት ቆማ ለነገ ትእዛዝ ሊጥ በመዳመጫ ትዳምጣለች። ጀንበሯ ገና አልገባችም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዱቄቱ ራቅ ብሎ ተቀምጧል።

“ሻይ አለ” አለችው፤ ቀና አላለችም።

ስለ ቲኬቱ እንዳትጠይቀው ፈርቶ ወሬ ጀመረ። ወሬ ደግሞ ይችልበታል። የእማማን ቦርሳ አያያዝ፣ ብድግ ያሉበትን ፍጥነት፣ “ግትር!” ያሉበትን ድምፅ እያስመሰለ ተረከላት። ሚስቱ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ አልቻለችም፤ በሊጥ እጇ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም የሳቋ ነገር አይሆንለትም፣ ጨመረበት።

“እኔ ያልገባሁበትን ሰው አላስገባም አልኳቸው። ከዚያ ስንወርድ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሚስትህ ታድላለች! አደጋ ካለ ቀድሞ የሚገባላት...”

ቀሪው አፉ ውስጥ ቀረ።

የሚስቱም ሳቅ ቀስ ብሎ አለቀ። መዳመጫውን አንስታ ሊጡ ላይ ወዲያ ወዲህ አለችበት። “አዎ” አለች፤ በቁጣ አይደለም። “ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለኛል።”

አሳንሰር ኩም አለ። አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ለማያውቃቸው አሮጊት መንገድ ዘግቶ ቀድሞ የገባ ሰው፣ ለገዛ ሚስቱ “ሂጂና እዪው” ብሏል። የቀዳውን ሻይ ሳይጠጣ አስቀመጠው።

“ፈርቼ ነው” አለ በመጨረሻ።

“አውቃለሁ።”

“ምኑን ታውቂያለሽ?”

“ውሃውን። ፎቶውን ሳሳይህ ወንበርህን ወደ ኋላ ስበህ እኮ ነው ያየኸው።”

“ውሃው ብቻ አይደለም። እዚያ አንድም ሊፍት የለም። አንቺ ጠዋት ሥራ ስትገቢ እኔ የት ልሂድ? በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማዕበል ልቆጥር?”

መዳመጫውን አስቀመጠችው። “ትናንት ልሰማ የፈለግኩት ይሄንን ነበር። ፈራሁ ብትለኝ አብረን እንፈራ ነበር። እኔ የማልፈራ መሰለህ? ቋንቋቸውን አላውቅ፣ ዱቄታቸውን አላውቅ፣ ምድጃው እንኳ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅ። ሂጂና እዪው ስትለኝ ግን ብቻዬን ቀረሁ።”

“ጥፋቱ የኔ ነው።”

“ጥፋትህን ተወው። ለኔ ብለህ ብቻ እንዳትመጣ። በኋላ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እያነሳህ ልታደርቀኝ ነው።”

“እኔ መቼ ነው ነገር የማነሳው?”

“ከስንት ዓመት በፊት የሰበርኩትን ኩባያ ትናንት አንስተኸዋል።”

“እሱማ ጥሩ ኩባያ ነበር።”

ሁለቱም ሊስቁ ነበር፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አነበበችውና ቀና አለች። ፊቷ የተጨነቀ አይመስልም፤ የደከመው ነው የሚመስለው።

“እየጠበቀኝ ነው። አንድ ልበለው ወይስ ሁለት?”

አሳንሰር ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ እንደሁ መቼም አይለቅም። ፎጣውን እንደያዘ ዞረ።

“ቤቱ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ክፍት ነው አላልሽም?”

“ነው።”

“አንቺ ደግሞ እስከ አጋማሹ አትነሺም።”

“የሰው ሠርግ በትኜ የት እሄዳለሁ?”

“እንግዲያው ሁለት በዪው። የኔ ግን የወሩ መጀመሪያ ላይ ይሁን።”

“ምን?”

“ቀድሜ ልግባበት። ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ፣ የኤሌክትሪኩ ገመድ ደህና እንደሆነ፣ የምድጃሽ በር ይገጥም እንደሆነ ልየው። የምሠራውንም እዚያው እፈልጋለሁ፤ መቼም የሚበላሽ ነገር የሌለበት አገር የለም። ደህና ሲሆን እደውልልሻለሁ፤ ትመጫለሽ።”

“ብቻህን? አውሮፕላን እንኳ ገብተህ የማታውቀው ሰውዬ?”

“እሱም ያው ሊፍት ነው። ትንሽ ይርቃል እንጂ።”

ሚስቱ አልሳቀችም። ዱቄት በሞላው እጇ ዓይኗን ጠረገችና ጭራሽ አባሰችው። “ደህና ባይሆንስ?”

“ባይሆን አትገቢበትማ። እመለሳለሁ፤ እዚሁ አብረን እንሆናለን።”

ስልኩን በክርኗ ወደሱ ገፋችው። “አንተው ጻፈው። እጄ ሊጥ ነው።”

አሳንሰር መነጽሩን ፈልጎ አደረገና በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል ጻፈ፦ “ሁለት። የባልየው ይቅደም።” አንድ ጊዜ አነበበው፤ ላከው። እሷም መዳመጫውን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች።

“ውሃውንስ?” አለችው ትንሽ ቆይታ። “እሱንም ትሞክርልኛለህ?”

አሳንሰር የቀዘቀዘውን ሻይ አንስቶ አሰበበት።

“እስከ ጉልበቴ” አለ። “ሦስት ጊዜ።”