የመንገዱ ግማሽ

ኑ እስቲ፣ አረፍ በሉ። እግራችሁን ዘርጉት፤ የምነግራችሁ ነገር ቆመው የሚሰሙት አይደለም። የአንድ ፖስተኛና የታናሽ እህቱ ነገር ነው።

ፖስተኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት መንገድ ላይ ደብዳቤ ሲያድል ኖረ። ጡረታ በወጣ በዓመቱ እቤቱ ደጃፍ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ነፍሱ ተረፈች፤ አንደበቱም እንደ ድሮው ነው። ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን ዛሉ። እህቱ ወሬውን ስትሰማ ከነሽርጧ ሆስፒታል ድረስ ሮጣ መጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከአልጋው በግራ በኩል ወንበር ስባ ትቀመጥና የዛለውን እጁን ይዛ ታሻለች። የታመመው በዚያ በኩል ነዋ፤ ሌላ የት ትቀመጥ?

የወንድሟ ነገር ግን አልገባት አለ። "ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?" ስትለው መልሱን የሚሰጠው በቀኙ ባለው አልጋ ለተኛው ጡረተኛ ሾፌር ነው።

"ደህና አደርኩ፤ አንተስ?" ይለዋል።

"እኔ መች ጠየቅኩህ?" ይላል ሾፌሩ።

ምሳ ሲመጣ ከሳህኑ በቀኝ ያለውን ሩዝ ጠርጎ ይበላና "ዛሬም ቆጠቡብኝ" እያለ ያማርራል። ግማሹ ሳይነካ እዚያው ቁጭ ብሏል። ጢሙንም ሲላጭ ግራ ጉንጩን እንዳለ ይተወዋል።

ይህን ሁሉ ስቃ ባለፈችው። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ለሾፌሩ እንዲህ ሲለው ሰማች፦

"ድንቢጥ የምላት እህት አለችኝ። አዝዬ ነው ያሳደግኳት። አንድ ቀን እንኳን ብቅ አላለችም።"

ይህን ሲል እጁ በእጇ ውስጥ ነበር።

ሾፌሩ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አያት። "አንተ ሰውዬ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አሉ። እዚያ የተቀመጠችው ማን ናት?"

"የት?" አለ ፖስተኛው ወደ ሾፌሩ አልጋ እያየ። "ተወኝ እባክህ። ሐሙስ ይለቁኛል። የአረጋውያን መጦሪያ እገባለሁ እንጂ ታምሜ ያላየችኝን ሴት ደጅ አልጠናም።"

እጁን ቀስ አድርጋ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ በሽተኞቹን ከስትሮክ በኋላ የምታለማምደውን ሐኪም አገኘቻት።

"ዶክተር፣ እኔ ከእንግዲህ አልመጣም። ወንድሜ ከልቡ ፍቆኛል። የያዘብኝ ቂም ይኖራል።"

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም። "እትዬ፣ የት ነው የሚቀመጡት?"

"በታመመው እጁ በኩል ነዋ።"

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። "አንድ ነገር ልሞክር። እርስዎ ግን ቃል እንዳይወጣዎት።"

ተያይዘው ገቡ። ሐኪሟ በቀኙ ቆመች፤ እህቱ በግራ በኩል ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ከፖስታ ቤት ወጥተዋል፤ ቦርሳው ትከሻዎ ላይ ነው። እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ያሉትን በሮች ይንገሩኝ።"

ፊቱ በራ። "መጀመሪያ ፋርማሲው። ቀጥሎ ፎቶ ቤቱ። ከዚያ ያ ውሻ ያለበት ግቢ፤ ሱሪዬን ሁለቴ ቀዶታል። ጫማ ሰፊው። ጠበቃው፤ ለሱ የሚመጣለት የሰው ጭቅጭቅ ነው። አለቀ፣ ትምህርት ቤት ደረስን።"

እህቱ በልቧ አብራው ትራመድ ነበር። የጠራቸው በሙሉ በመንገዱ ቀኝ ያሉት ናቸው። በግራ ካሉት አንድም አልጠራም። የእሷ አረንጓዴ በር ደግሞ በግራ ነው። ቁርጤን አወቅኩ ስትል አሰበች።

"ጎበዝ" አለች ሐኪሟ። "አሁን ፊትዎን ያዙሩና ከትምህርት ቤቱ ወደ ፖስታ ቤት ይመለሱ።"

"ዳቦ ቤቱ" አለ ሳያመነታ። "መስታወት ቆራጩ። አሳንሰሩ የማይሠራው ፎቅ፤ ጉልበቴን የጨረሰው እሱ ነው። ከዚያ አረንጓዴ በር።" ቀኝ እጁን እንደሚያንኳኳ አነሳ። "የድንቢጥ ቤት ነው። ደብዳቤ ባይኖራትም አንኳኳለሁ። 'ለኔ የለም?' ትለኛለች። 'ላንቺማ እኔው መጣሁልሽ' እላታለሁ።"

ፋርማሲው፣ ጫማ ሰፊው፣ ያ ውሻ እንኳን ሳይቀር፣ በዚህኛው ጉዞ አልተነሱም።

ሐኪሟ ወደ ግራ በኩል ተሻግራ ወደ እህቱ ጆሮ ጠጋ አለች። "ምንም አልጠፋም፤ ሁሉም አለ። አእምሮው ግራ ግራውን ማየት ትቷል፤ ከዚያ በኩል የሚጠራው ድምፅም ከቀኝ የመጣ ይመስለዋል፤ ሲያስታውስም እንደዚያው ነው። ወደ ግራ መዞርን ቀስ በቀስ እናስተምረዋለን። እስከዚያው እርስዎ ይዙሩለት።"

ወንበሯን አንስታ አልጋውን ዞረች። ሾፌሩ እግሩን ሰብሰብ አደረገላት።

"ጋሼ።"

ዓይኑን ገልጦ አያት፤ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። "መጣሽ? እንዴት ያለሽ ጨካኝ ነሽ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ።"

እጅህን ይዤ ነበር ልትለው ቃሉ አፏ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። "ዘገየሁብህ፤ ይቅር በለኝ" አለች። ሾፌሩ ሊመሰክር አፉን ሲከፍት በዓይኗ ገሠጸችው።

"ሐሙስ ማን ቤት ነህ?"

"መጦሪያ ብዬ ነበር።" በቀኝ እጁ እጇን ያዘ። "አንቺ ካለሽ ምን ቆርጦኝ እሄዳለሁ።"

ሐሙስ ወሰደችው። ተአምር ሆነ አልላችሁም። ሐኪሟ ከሳህኑ በስተግራ ቀይ ፕላስተር እንድትለጥፍና "ቀዩን ሳታይ ጠገብኩ እንዳትል" እንድትለው መክራት ነበር። አንዳንድ ቀን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ አንዳንድ ቀን እሷ ሳህኑን ታዞርለታለች።

ልጆቼ፣ የምትወዱት ሰው የረሳችሁ በመሰላችሁ ቀን፣ ከመቀየማችሁ በፊት ወንበራችሁን አንስታችሁ በሌላው በኩል ዙሩለት። ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ።