ከኦመር በኋላ

ሉጥፊያ የዳታ ክፍሉ ኃላፊ እንድትሆን ሲነገራት በመጀመሪያ ትዝ ያላት አብዱልወሃብ ነበር።

የሱዳኑ ጦርነት ከመነሣቱ ከዓመት በፊት ነው። ካርቱም ባሕሪ ውስጥ ለፋርማሲዎች መድኃኒት በሚያከፋፍል ድርጅት ሦስት ሆነው ይሠሩ ነበር። አለቃቸው ኦመር ሱዳናዊ ነው። አብዱልወሃብ ከደሴ የመጣ የስታትስቲክስ ምሩቅ፤ ሉጥፊያ ደግሞ እናቷ ካፉሪ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ እየሠራች ያሳደገቻት፣ ከአማርኛዋ ዐረብኛዋ የሚቀናት የካርቱም ልጅ። ሥራቸው የትኛው ፋርማሲ በሚመጣው ሳምንት ምን ያህል መድኃኒት እንደሚፈልግ ካለፈው ሽያጭ ተነሥቶ መተንበይ ነው። ትንበያውን የሚያወጣውን ሞዴል የሠራው አብዱልወሃብ ነው። ሉጥፊያን ኮድ መጻፍ ያስተማራትም እሱ ነው፤ በአማርኛ፣ አነጋገሯ ላይ እየሳቀ።

ኦመር ዶሃ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሲል ሁሉም ቦታው የአብዱልወሃብ ነው ብሎ ነበር። ሙዲሩ፣ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ግን ሉጥፊያን አስጠራት።

«በሙያው እሱ ይበልጥሻል» አላት። «የመጋዘን ሰዎች የሚሰሙት ግን አንቺን ነው። ትንበያው ኮምፒውተር ውስጥ ቢቀር ምን ይረባናል?»

አብዱልወሃብ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ብላ ወዲያው ነገረችው።

«አብዱ፣ ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ አልጠየቅኩም።»

«መብሩክ» ሲል በዐረብኛ እንኳን ደስ ያለሽ አላት፣ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

ከዚያ ወዲያ የሚያናግራት በዐረብኛ ብቻ ሆነ። እንደ ባዕድ በማዕረግ «ያ ኡስታዛ» ይላታል። ሥራውን በሰዓቱ ያስረክባል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። እሷም ከስብሰባ ስብሰባ ስትሮጥ ኮድ መጻፉን እየተወችው መጣች።

ረመዳን ሲገባ የጨጓራ መድኃኒት ከፋርማሲዎቹ አለቀ። በጾም ሰው ይህን መድኃኒት አብዝቶ እንደሚገዛ ሞዴሉ ከአምናው ሽያጭ ተምሯል፤ የተማረው ግን በፈረንጅ ቀን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ እየቀደመ ይመጣል። ሞዴሉ ጾሙን አምና በገባበት ቀን ሲጠብቅ፣ ጾሙ ቀድሞት ገባ። ሁለቱም ጾመኞች ሆነው ሳለ ይህ አልታሰባቸውም።

«ይህን የሠራው ማነው?» አለ ሙዲሩ በስብሰባው ላይ።

አብዱልወሃብ አፉን ሊከፍት ሲል ሉጥፊያ ቀደመችው። «ከክፍላችን የወጣ ነው። አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። በዚህ ሳምንት እናስተካክለዋለን፣ ኢንሻአላህ።»

ቢሯቸው ሲመለሱ አብዱልወሃብ በሩን ዘጋ።

«ማን ጠበቃ አድርጎ ቀጠረሽ?» አላት፤ በአማርኛ። «ስሕተቱ የእኔ ነው። እኔም አፍ አለኝ።»

«ላድንህ ብዬ አይደለም። እውነት እኮ ነው፣ አሳልፌዋለሁ። ድሮ ቢሆን እያንዳንዱን መስመር እጠይቅህ ነበር። አሁን ግን ኩርፊያህን ፈራሁና ዝም አልኩ።»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «አዎ፣ አኩርፌያለሁ። እኔ ያስተማርኳት ልጅ...» ብሎ አልጨረሰውም። «አሁንም ደስ አላለኝም። አልዋሽሽም።»

«አትዋሸኝ። ግን ስሳሳት ንገረኝ። እኔም እነግርሃለሁ።»

«እሺ።»

በማግስቱ አብረው መጋዘን ወረዱ። አብዱልወሃብ እዚያ ገብቶ አያውቅም ነበር። የመጋዘን ኃላፊዋን ኒዕማን ከጾምና ከዒድ ጋር ሽያጫቸው የሚለዋወጥ ሌሎች መድኃኒቶች እንዳሉ ጠየቋት፤ እሷም እያዞረች አሳየቻቸው። ከዚያ አብዱልወሃብ የሂጅራውን አቆጣጠር ሞዴሉ ውስጥ አስገባው። ሉጥፊያ መስመር በመስመር ስታነበው አንድ ስሕተት አገኘች፤ ነገረችው፤ ወዲያው አረመው።

ቅሬታው ግን ጨርሶ አልወጣለትም። ዒድ ካለፈ በኋላ እዚያው ካርቱም ሪያድ ሰፈር ያለ አንድ ባንክ የዳታ ኃላፊ እንደሚፈልግ ሰምቶ አመለከተ፤ ለእሷም ሳይደብቅ ነገራት። ከባንኩ ደውለው ስለ እሱ ሲጠይቋት ችሎታውን ሳትቆጥብ ተናገረች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ከፍቷት ዋለች።

ሥራውን አገኘ። የመጨረሻውን ሳምንት ከእሷ ጎን ተቀምጦ ሞዴሉን አስረከባት።

«ያልገባሽ ነገር ካለ ደውዪልኝ» አላት ሲሰናበታት።

ሳምንት ሳይሞላ ደወለችለት።